መቃውን ትቼላችሁ እሄዳለሁ

ክቡር አቶ አየነው፣ የጤና ጣቢያችን አለቃ፤ ከአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የመጣችሁልን እንግዶች፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያሉኝ አቶ አየነው ናቸው። ይኸው ጀመርኩ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ሁላችሁም በሕፃናቱ በርጩማ ላይ ጉልበታችሁ አገጫችሁን ነክቶ ተቀምጣችሁ ሳይ፣ ክቡራን ለማለት ሳቄን መዋጥ ነበረብኝ። ጋሼ ቢሻው፣ እርስዎ እንኳ ቢነሡ ይሻላል። ያ በርጩማ ለሦስት ዓመት ልጅ የተሠራ ነው፣ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ስለ ዳቦው፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ጉዝጓዙ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራችሁን ትታችሁ ለእኔ ብላችሁ መሰብሰባችሁ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ይችን ክፍል መምረጣችሁም ደስ ብሎኛል። የሕፃናት ማቆያችን በትልልቅ ሰው ሞልታ ሳያት ዛሬ ገና ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በር አጠገብ ያላችሁ ጆሯችሁን ወደ መንገዱ ጣል አድርጉልኝ። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋል። ሲነፋ፣ ንግግሬ የትም ይድረስ የት፣ አቋርጬ እሮጣለሁና እንዳትቀየሙኝ። ተቀምጠሽ ተናገሪም እንዳትሉኝ። ሰውነቴ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። ሻንጣዬን ዘግቼ ከፈትኩት፣ ከፍቼ ዘጋሁት። ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም።

ወዴት እንደምሄድ እንግዶቻችን ላያውቁ ይችላሉ። የምሄደው አዲስ አበባ ነው፣ የሕፃናት አያያዝ ትምህርቴን ልጨርስ። በፖስታ የሚላከውን ክፍል ጨርሻለሁ። የቀረኝ ማሠልጠኛው ገብቶ በእጅ የሚሠራው ሥራና ፈተናው ነው። ካለፍኩ ምስክር ወረቀቴን ይዤ እመለሳለሁ፣ ይች ክፍልም በወጉ ሥራዋን ትቀጥላለች። ካላለፍኩ፣ ወይም ተስፋ ቆርጬ ከተውኩት፣ የተማረ ሰው የሌላት ክፍል ናት ተብላ ትዘጋለች። ይህን በግልጽ ነግረውናል። ያን ጊዜ የገበያ ቀን እናቶች ልጆቻቸውን የት ያደርጓቸዋል? እንደ ድሮው በጆንያና በጆንያ መካከል? በአህያ እግር ሥር?

እና ይህ ሁሉ የተጣለው በማን ላይ ነው? በእኔ በእታለማሁ! ነገር ጀምራ በማትጨርሰው!

ምን ያስቃችኋል? እናንተው አይደላችሁ የምታውቁት? ሙዳይ ልሰፋ ጀምሬ ገና ከታች ትቼው፣ ዛሬ የእማማ እህተማርያም እንቁላል ማስቀመጫ ሆኗል። ከጓሮ ድንች ተከልኩ፣ ሳልኮተኩተው አረም ዋጠው። ትዳርም ጀምሬ ነበር። እሱን እንኳ እኔ አልተውኩትም፤ አልወለድሽም ተብዬ ነው የተሸኘሁት። ከአዘና ወደ ዳንግላ የመጣሁት ያን ጊዜ ነው። እዚህ ልብስ አጣቢ ሆኜ ስቀጠር አንድ ክረምት ትቆያለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ አቶ አየነው ከፖስታ ቤት ሲመለሱ በግቢው መካከል ቆመው፣ «ማንበብና መጻፍ የምትችል፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ በፖስታ መማር የምትፈልግ ሴት...» ሲሉ «እኔ!» አልኩ።

«ገና ምን እንደሆነ አልነገርኩም እኮ» አሉ።

«ምንም ይሁን፣ እኔ!»

ለምን እንደተቻኮልኩ ታውቃላችሁ? አንዱ ምክንያት የአንሶላ ክምር ነው። ከዚያ ክምር የሚያላቅቀኝ ከሆነ የከብት ሕክምናም ቢሆን እማር ነበር። ሌላው ግን በሆዴ የያዝኩት ነው። አልወለድሽም ተብላ የተሸኘች ሴት፣ ልጅ ማሳደግ ታውቃለች የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ብትይዝ አልኩ። አዘና ድረስ ይዤው ብሄድ አልኩ። ማን ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ገበያው ግን ከእኔ ቀድሞ ሳቀ። «ያልወለደች ልጅ ማሳደግ ልትማር ነው» ተባለ። በቲማቲሙም በሽንኩርቱም ላይ ተባለ። እኔ ደግሞ ስናደድ ጎበዝ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስጠናኝ ንዴት ነው።

ንዴት ግን ምን ያህል ያስኬዳል? ንዴቱ በረደ፣ ትምህርቱ ቀረ። ጥቅሉ በየጊዜው ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል። ቁጭ ብዬ ሳነብ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ መስመር ይዘላል። ስለ ጡት ማስጣል እያነበብኩ ሐሳቤ ጫግኒ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። በመጨረሻ እየተራመድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከበሩ እስከ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ እስከ በሩ። አንድ ቀን እንዲሁ እያነበብኩ ስሄድ የዘበኛችንን የጋሼ ቢሻውን ፈረስ በግንባሬ ገጨሁት።

ያገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ጋሼ ቢሻው እየሮጡ መጡ፣ የፈረሳቸውን ደረት ደባበሱ፣ ዓይኑን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔን ብትገጪኝ ምንም አልነበረም» አሉ። ግንባሬ ማበጡን ያዩት በማግሥቱ ነው።

ጥያቄዎቹስ! አንዱ ጥያቄ «ለሁለት ዓመት ሕፃን የሚስማማው መጫወቻ ምን ዓይነት ነው?» ይላል። ሥዕሉ ላይ ከንፈሩ የቀላ አሻንጉሊት አለ፣ በጎማ የሚሄድ የእንጨት ፈረስ አለ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ቢሻውን ጠየቅኋቸው።

«ለሁለት ዓመት ልጅ መጫወቻው ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሌላ ልጅ ነዋ!» አሉኝ።

እንዳለ ጻፍኩት። አዲስ አበባ ያለችው መምህርት በቀይ ቀለም «መልሱ ይህ አይደለም፣ ግን ወድጄዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ያችን ቃል ይዤ አንድ ወር ሙሉ ተማርኩ። አያችሁ እኔ የምኖረው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። አንዲት ጥሩ ቃል ካገኘሁ እሄዳለሁ፣ ስታልቅ እቆማለሁ።

ስቆም ደግሞ የያዙኝ እማማ እህተማርያም ናቸው። እማማ፣ አንገትዎን አይድፉ፣ ዛሬ የግድዎን ይሰማሉ።

እማማ እህተማርያም ፊደል አልቆጠሩም። የልብስ እጥበቱን ግን ትምህርት ቤት አደረጉት። አንሶላ መቼም ለብቻ አይጨመቅም። አንዱን ጫፍ እሳቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን እኔ። እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ እንጠመዝዘዋለን። ታዲያ ጥምዘዛው ሲጀመር፣ «ንገሪኝ» ይላሉ።

«ምኑን?»

«ትናንት የመጣልሽን።»

ስለ ተቅማጥ እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ወተት ማፍላት፣ ስለ ዓይን ማዝ። ካቆምኩ ወይም «እ... እ...» ካልኩ፣ ያዝ ያደረጉትን ጫፍ ላላ ያደርጉታል። አንሶላው ጭቃው ላይ ዘጭ! ከዚያ እንደገና ማጠብ ነው። እንደገና ማጠብ ደግሞ የማን ሥራ ነው? የእኔ ነው። እስኪ ፍረዱኝ፣ ይህን ያህል ጨካኝ መምህር አዲስ አበባ ይገኛል? ጭቃ ከመግፈፍ ማጥናት ይሻላል ብዬ አጠናሁ። ለአንሶላ ብላ የተማረች ሴት ብትኖር እኔ ብቻ ነኝ።

አውቶቡሱ ነው እንዴ? አይደለም? የጭነት መኪና ነው? ይሁን።

አሁን ወደ መቃው ልምጣ። እዚህ ያላችሁ ሁላችሁ የምታውቁት ነው፤ ግን እንግዶቻችን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ባለብዙ ክር መቃ እያዩ ምን ይሆን ሲሉ አይቻቸዋለሁ።

አምና ከጥምቀት በኋላ፣ በገበያ ቀን የእናቶችን ልጆች እዚህ ክፍል መጠበቅ ከጀመርኩ ወዲያ፣ አንድ ትልቅ ጥቅል መጣልኝ። ርእሱ «የሕፃናት ዕድገት» ነው። ከምጠብቃቸው ሕፃናት አሥሩን መርጬ፣ በየወሩ ቁመታቸውን እየለካሁ እስከ ሰኔ ልልክ ነው። ይህን ያላመጣች ወደ አዲስ አበባ አትጠራም። ቀላል ነው አልኩ። መለኪያ ስላልነበረኝ ጋሼ ቢሻው ከወንዝ ዳር ቀጥ ያለ ረጅም መቃ ቆርጠው አመጡልኝ። እማማ እህተማርያም ቀለም ቀለም ያለው ክር ሰጡኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክር፣ ቁመቱ የደረሰበት ላይ ይታሰራል። በጣም ኮራሁ። በገበያ ቀን ንጹሕ ነጭ አንሶላ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ ከዚያ በመጀመሪያ ያገኘኋትን ልጅ፣ የደጊቱን ልጅ ሸጋን፣ በጀርባዋ አስተኛኋት። እግሯን ቀጥ አደረግሁ። እጇን በጎኗ አደረግሁ። መቃውን ከጎኗ ዘረጋሁ።

አያችሁት? እናንተ አሁን ፊታችሁ ተለወጠ። እኔ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም።

ደጊቱ ድንቿን ሸጣ ልጇን ልትወስድ በዚህ በር ገባች። ልጇን በነጭ አንሶላ ላይ ተዘርግታ፣ እኔን መቃ ይዤ ተንበርክኬ አየች። የጮኸችው ጩኸት እስካሁን በጆሮዬ አለ። በአገውኛ ነው የጮኸችው፤ «ልጄን ለጉድጓድ ትለኪያታለሽ?» አለችኝ። ልጇን ነጥቃ አንቀልባዋን እንኳ ሳታነሣ ወጣች።

እኔ እኮ የአዘና ልጅ ነኝ! አባቴ ያረፈ ቀን መቃ ይዘው የገቡትን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ሬሳው በነጭ ይዘረጋል፣ በመቃ ይለካል፣ መቃው ወደ ቆፋሪዎቹ ይሄዳል። በእኛ አገር ተኝቶ በመቃ የሚለካ ሰው ሌላ ማን አለ? ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። የአዲስ አበባው ወረቀት «አስተኝተሽ ለኪ» ሲለኝ ግን ወረቀቱን ብቻ አየሁ። መቃውን የቆረጡት ጋሼ ቢሻውም አላሰቡትም። ክሩን የሰጡት እማማም አላሰቡትም። ሦስታችንም አንድ ላይ ታውረን ነበር።

ወሬው ከደጊቱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። እናቶች እየሮጡ መጡና ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አነሡ። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። በሚቀጥለው ገበያ አንድም ልጅ አልመጣም። በዚያ በሚቀጥለውም። ይች ክፍል ባዶዋን ቀረች፣ እነዚህ በርጩማዎች ተደርድረው የሚቀመጥባቸው ጠፋ። «ያልወለደች» ሲሉ የነበሩት፣ «ያልወለደች የወለዱትን ትቀብራለች» ማለት ጀመሩ። ይህን ስሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ያን ጊዜ ተውኩት። በቃ ተውኩት። ልብሴን በነጠላ ቋጠርኩና እማማ እህተማርያምን ልሰናበት ሄድኩ። እንደተለመደው ልብስ ላይ ናቸው።

«ትቼዋለሁ እማማ» አልኳቸው።

«እሺ፣ ተዪው። ይችን አንሶላ ግን አብረሽኝ ጨምቂና ሂጂ» አሉኝ።

ያዝኩ። መጠምዘዝ ጀመርን።

«ለመሆኑ ቁመት መለካቱ ለምንድን ነው? እሱን አልነገርሽኝም» አሉ።

ስቅስቅ እያልኩ ነገርኳቸው። ልጅ በሽታው ከመታወቁ በፊት ዕድገቱ ይቆማል፤ የሚለካው ሰው ካለ ቶሎ ይደርስለታል፤ የሚለካው ከሌለ ግን ሲወድቅ ብቻ ነው የሚታወቀው አልኳቸው። አንሶላው ላላ አለ። ሊጥሉት ነው ብዬ ጫፌን አጥብቄ ያዝኩ። አልጣሉትም።

«የእኔን ልጆች ማንም አልለካቸውም እታለም» አሉ። «የተለኩት አንዴ ብቻ ነው።»

እማማ፣ ይህን እንድናገር ስለፈቀዱልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያችን አንሶላ ጨምቄ አሰጣሁ። ነጠላዬን ፈታሁ፣ ልብሴን ቦታው መለስኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ምን እንደሆነ ለእንግዶቻችን ልንገራቸው? እማማ እህተማርያም ነጩን አንሶላ ከክፍሉ አውጥተው ከበሩ ፊት፣ ገበያተኛው ሁሉ በሚያልፍበት ሣር ላይ ዘረጉት። ነጠላቸውን አስተካክለው በጀርባቸው ተኙ። እጃቸውን በጎናቸው አደረጉ። «ለኪኝ!» አሉ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ። ለካኋቸው። አንዲት አሮጊት «ኧረ በማርያም!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። እማማ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና፣ «እንግዲህ በሉ ልሙትላችሁ» ብለው ቆመው ጠበቁ። አልሞቱም።

ቀጥሎ አቶ አየነው ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተኙ። አለቃ ሆኖ፣ መነጽር አድርጎ፣ በገበያ መካከል ሣር ላይ መተኛት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት። ስለካቸው በቀስታ፣ «እታለማሁ፣ ይህን ለአዲስ አበባ እንዳትጽፊው» አሉኝ። አልጻፍኩም ጌታዬ፣ ይኸው ለአውራጃ ግዛቱ ነገርኩት እንጂ።

ከዚያ ጋሼ ቢሻው ተኙ። መቃው አልበቃቸውም! ከጉልበታቸው በታች ያለው እግር ትርፍ ሆኖ ቀረ። ተኝተው እንዳሉ ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩና፣ «ለእኔ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ከሰኞ ይጀምር» አሉ። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ያ ሣቅ ነው ነገሩን የሰበረው። እንደዚያ ያለ ሣቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ጋሼ፣ ቀጥሎ የሆነውን ልናገረው? ፈቅደውልኛል አይደል?

የተለኩት ሰዎች ይሞቱ እንደሆነ ለማየት አገሩ ሁሉ ሳምንቱን ቆጥሮ ይጠብቃል። ጋሼ ቢሻው ደግሞ በዚያ ሳምንት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አስነጥሰው የማያውቁት ሰው፣ በጉንፋን ተያዙ! ያውም ትኩሳት ባለው። እኛ የምንገባበት ጠፋን። አቶ አየነው መድኃኒት ሰጧቸውና ተኙ አሏቸው። «የት አባቴ እተኛለሁ?» አሉ ጋሼ፣ «ዛሬ ከተኛሁ ልጆቹ ሁሉ ቀሩ።» ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በዚያ ብርድ፣ የዳንግላን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በሩ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ገበያተኛው እየመጣ ያያቸዋል። «እንደምን አደሩ ጋሼ ቢሻው?» ይላል። እሳቸው «እንደ ፈረስ!» ይላሉ። ሲያስነጥሳቸው ፊታቸውን ወደ ፈረሱ ያዞሩና ፈረሱ ያስነጠሰ ያስመስላሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። ከሰዓት ገበያው ሲበተን እዚህ ወለል ላይ ዘረር አሉ፣ እኔና እማማ አንሶላ ደራርበን አለበስናቸው።

በዚያው ቀን አንዲት እናት ልጇን አመጣች። በሚቀጥለው ገበያ ሌሎቹ ተከተሉ። «አስተኝተሽ ግን አትለኪብኝ» አሉኝ። እንደቆሙ፣ እየሣቁ፣ እየተጋፉ ለካኋቸው። አዲስ አበባም ቆሞ መለካት ይቻላል ብላ ፈቀደችልኝ። ሰኔ ሲገባ ሥራዬን ላክሁ። ጥሪው መጣ።

ታዲያ ምንድን ነው ይህን ያህል የሚያቁነጠንጠኝ? ለምን አልረጋም?

እውነቱን እነግራችኋለሁ። እዚያ ሄጄ ማን አንሶላ ይይዝልኛል? ስቆም ማን ጫፉን ይለቅብኛል? ማን ለእኔ ሲል በትኩሳት በር ላይ ይቆማል? ከዚህ አገር ለትምህርት ብለው ወጥተው እዚያው የቀሩትን ሁላችን እናውቃለን። እኔስ እንደነሱ እንዳልሆን በምን አውቃለሁ? ትናንት ይህን ሳስብ አውቶቡሱ ባይመጣ ብዬ ተመኘሁ። ዛሬ ደግሞ ለምን ዘገየ እላለሁ። እስኪ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ስሜነሽ፣ የት ነሽ? አየሁሽ፣ ከኋላ። እስክመለስ ይችን ክፍል የምትይዣት አንቺ ነሽ፤ የአንቺም የመጀመሪያ ጥቅል መጥቶልሻል አሉ። ምክር እንድሰጥሽ አትጠብቂ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ስትጀምሪ ደስ ይልሻል፣ ያ ደስታ ያልቃል። ትናደጃለሽ፣ ንዴቱም ያልቃል። ሲያልቅ አትደንግጪ፣ ለካ የእኔ ብቻ አይደለም በይ። መቀመጥ ካቃተሽ ተነሥተሽ ተማሪ፤ የጋሼን ፈረስ ግን ተጠንቀቂ። ከሁሉ በላይ ሰው ያዢ። የተማርሽውን የሚጠይቅሽ አንድ ሰው ካለ አታቆሚም። እማማ እህተማርያም አሁን አንድ እጃቸው ባዶ ነው፣ የአንሶላው ሌላ ጫፍ ያንቺ ነው።

አሁንስ? አሁንም አይደለም? እንግዲያው ዛሬ ጠዋት የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ።

ሁሉም እናቶች ሲመለሱ አንዷ አልተመለሰችም ነበር፤ ደጊቱ። ዓመቱን ሙሉ ከበራችን ፊት ለፊት ድንቿን ትሸጣለች፣ ሸጋን በጀርባዋ አዝላ። እኔ ስወጣ ዞራ ትቆማለች፣ ልጅቱን እንዳላያት። አንቀልባዋን በሰው ልኬላት ተቀብላለች፣ ለእኔ ግን አንድ ቀን ሰላም ብላኝ አታውቅም። አልፈረድኩባትም። ግን ባለፍኩ ቁጥር ልቤን ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ይችን ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ ልጠርግ መጣሁ። ደጊቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ትሄጃለሽ አሉ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ትመለሻለሽ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «እንጃ» አልኳት።

ገባች። አንቀልባውን ፈታች። ሸጋ አድጋለች፣ እግሯ ከአንቀልባው በታች ተንጠልጥሎ ነበር። ደጊቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፣ ልጇን በገዛ እጇ በጀርባዋ አስተኛቻት። እግሯን ቀጥ አደረገች።

«ለኪያት።»

«ቆማ መለካት ትችላለች እኮ ደጊቱ፣ እንዲህ አያስፈልግም» አልኳት።

«ያን ቀን የጀመርሽውን ጨርሺው» አለችኝ።

መቃውን አወረድኩ። ለካኋት። ለሸጋ የያዝኩት ቀይ ክር ዓመት ሙሉ በኪሴ ነበር፣ አውጥቼ ቁመቷ ከደረሰበት ላይ አሰርኩት። ሸጋ ተኝታ ወደ ላይ እያየችኝ ትሥቃለች። እኔ እንባዬ ይወርዳል። ደጊቱ ጎንበስ ብላ ክሩን አየችው። ከዚያ ጣቷን ከክሩ በላይ፣ ምንም በሌለበት መቃ ላይ አደረገች።

«ይኸኛውስ?»

«እሱ ገና ነው። ስታድግ ነው።»

«እሱን ማን ይለካዋል?» አለች ቀና ብላ እያየችኝ። «እኔ ለሌላ ሰው ልጄን አላስተኛም።»

ልጇን አዝላ ወደ ድንቿ ሄደች። ደኅና ሁኚ እንኳ አላለችኝም።

እስኪ እናንተው ፍረዱ! አሁን እንዴት አድርጌ እዚያ እቀራለሁ? እንዴት አድርጌ እተወዋለሁ? አንሶላው እስከ አዲስ አበባ ተዘርግቷል፣ ጫፉን የያዘችው ደጊቱ ናት። ስለዚህ መቃውን አልወስደውም። ትቼላችሁ እሄዳለሁ፣ እዚያው ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ከቀዩ ክር በላይ ያለው ባዶ ቦታ የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

ሰማችሁ? አሁንስ እሱ ነው! ድልድዩ ላይ ነው! ስሜነሽ፣ ሻንጣዬን አቀብይኝ። ጋሼ ቢሻው፣ በርጩማው ተሰበረ እንዴ? አልኩዎ እኮ!

ክቡር አቶ አየነው፣ ክብርዎ ሣር ላይ ተኝተው የጨመረ ነውና እግዚአብሔር ያቆይልን። ጋሼ፣ በሽታ እርስዎን ይፍራዎት፣ ፈረስዎም ይባረክ። እማማ እህተማርያም፣ ያሳደግሽን አያሳጣሽ ብለው የመረቁኝን ለእርስዎ መልሼዋለሁ፤ ልጆችዎ እኛ ነን፣ ቆመን ተለክተናል። ስሜነሽ፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ ካልሰጠሽም እግሩን ይስጥሽ። ሁላችሁንም ሥራችሁን ያቅናላችሁ፣ ደጃችሁ ልጅ አይጣ፣ የታመመ ይዳንላችሁ፣ የሄደ ይመለስላችሁ።

ልጆቻችሁም፣ የዳንግላም የእንጅባራም የአዘናም ልጆች ሁሉ፣ ከመቃዬ በላይ ይደጉ!